መስቀል የሌለው ዘውድ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያየሁትን ድካም ሥራ ላይ ሳለሁ አላየሁትም። ፌርፋክስ፣ የሐበሻ ሻይ ቤቶቹ ጋ፣ ሻይ ልጠጣ ገና ወንበር ስስብ አንዱ ኪሱን እየበረበረ ይመጣል። «ጋሼ ሰይፉ፣ ይቺን ሐብል አንዴ በየድ አድርግልኝ።» በምን ልበይዳት? በሻይ ማንኪያ? ሌላው ደግሞ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ «ጋሼ፣ አሁን እኮ ዲዛይኑን ኮምፒውተር ነው የሚሠራው፣ ፕሪንት ማድረግ ብቻ ነው፤ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ስትለፋ ነበር?» ይለኛል። ዕድሜ ልኩን ጉጠት ጨብጦ የማያውቅ ልጅ! ሻዬን ትቼ እነሳለሁ። ቤት ስገባ ባለቤቴ ጽጌ «ዛሬስ ከማን ጋር ተጣልተህ መጣህ?» ትላለች። እንደ ሰላምታ ይዛዋለች።

ይሄን የምጽፈው ግን በእነሱ ተናድጄ አይደለም። በዘውድ ተናድጄ ነው። አዎ፣ በዘውድ። ከሠራሁት ሁሉ፣ እጄ ያለበት ሆኖ ለሰው ዓይን የተቀመጠ አንድ ዕቃ ብቻ አለ፤ ቫን ናይስ፣ አንድ የአርመኖች ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በመስታወት ሳጥን። በቅርቡ ስልክ ተደወለልኝና ያ ዘውድ ወይ መስቀል ይደረግበት፣ ወይ ከመስታወቱ ወጥቶ ዕቃ ቤት ይግባ ተባለ አሉኝ። ደሜ ፈላ። ለምን እንደፈላ እንዲገባችሁ ግን ከመጀመሪያው ልነሳ።

አባቴ አዲስ አበባ አንጥረኛ ነበር። ጌጡን ይወዱለታል፣ እጁን ይፈሩበታል፤ የኛ ሰው ነገር። እኔም ከሱ ሥር ወናፍ እየነፋሁ አደግኩ። ዲቪ ደርሶኝ እዚህ ስመጣ ግን ያገኘሁት ሥራ ዳውንታውን መኪና ፓርክ ማድረግ ነበር። ከመኪና ማቆሚያው ፊት ለፊት ወርቅ ሠሪዎች ብቻ የሞሉበት ረጅም ሕንፃ አለ። እዚያ የሚሠሩ አንድ አዛውንት መኪናቸውን እኔ ጋ ያቆማሉ። አንድ ቀን ቁልፍ ሲሰጡኝ ጥፍራቸውን አየሁት፤ ዳር ዳሩ ጥቁር ነው፣ በሳሙና የማይለቅ የሞረድ ጥቁረት። የአባቴን ጥፍር ያየሁ መስሎኝ ክው አልኩ።

«ወርቅ ሠሪ ነዎት?» አልኳቸው።

«አንተስ ምን አገባህ?»

«እኔም ሥራውን አውቃለሁ።»

«ማንም አውቃለሁ ይላል» አሉና ከኪሳቸው የተጠማዘዘ የብር ሽቦ አውጥተው ሰጡኝ። «ማታ ስመጣ ቀጥ ብሎ ልየው። በመዶሻ ከመታኸው ግን አንተን አላውቅህም።»

በመዶሻ አልመታሁትም። በሁለት ለስላሳ እንጨት መሐል አድርጌ እያንከባለልኩ አቀናሁት። በሚቀጥለው ሳምንት የእሳቸው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጥኩ። ኡስታ ሃጎፕ ይባላሉ፤ አርመን ናቸው። ኡስታ በእነሱ ዘንድ የእጅ ሥራ አለቃ ማለት ነው። ከቤይሩት ነው የመጡት።

እኚህ ሰው ያላቸው አመል! እሳት በተለኮሰ ቁጥር አፍ ይዘጋል፤ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ እሳቱ እስኪጠፋ ማንም አይናገርም። መስኮቱ ላይ ጥቁር መጋረጃ ሰቅለዋል። ብር ሲበየድ ጨለማ ውስጥ ቀለሙ እንዲታይ ይስቡታል፣ ከዚያ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ያሳርፋሉ። «ገና ነው» ይላሉ። ያቺን ብቻ ይፈቅዱ ነበር። ብሩ ጽጌረዳ ሲመስል «ገና ነው»፤ ሌላው ሰው በቃ በሚልበት ሰዓት «ገና ነው»። እጃቸው ከትከሻዬ ሲነሳ እሳቱን ዞር አደርጋለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ያ እጅ መቼ እንደሚነሳ ቀድሜ ለማወቅ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

ሱቁ ግን የእሳቸው አልነበረም። ባለቤቱ ሚስተር ሮይ የሚባል፣ ሰው መስደብ እንደ ቁርስ የሆነለት ሰውዬ ነበር። አንድ ቀን ኡስታ ሃጎፕ ሦስት ቀን የደከሙበትን ቀለበት ገበያተኛ ፊት አንስቶ ወለሉ ላይ ወረወረና «ሽማግሌ፣ ዓይንህ ጠፍቷል!» አላቸው። ኡስታ ጎንበስ ብለው ቀለበቱን አነሱ፣ በሽርጣቸው ጠረጉት፣ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀመጡ። እኔ ብሆን! ሽርጤን ፈትቼ ሚስተር ሮይ እግር ሥር ጣልኩና በሩን አላትሜ ወጣሁ። ኡስታን ውጭ ቆሜ ጠበቅኳቸው፤ ይወጣሉ ብዬ። አልወጡም።

ከዚያ በኋላ የሥራ ታሪኬ የበር ማላተም ታሪክ ነው። ሃውቶርን የአውሮፕላን ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ገባሁ፤ ትንንሽ ቱቦ መበየድ። አለቃዬ እጅህ ጥሩ ነው አፍህ ግን መጥፎ ነው አለኝ፣ በሩን አላተምኩ። ሎንግ ቢች መጋዘን ገባሁ፣ እዚያም እንደዚያው። በወጣሁ ቁጥር ዞሬ ዞሬ ኡስታ ሃጎፕ ጋ እመለሳለሁ። «መጣህ?» ይሉኛል፣ ትናንት የተለያየን ይመስል። በተመለስኩ ቁጥር ታዲያ አንድ ነገር ጨምረው አገኛቸዋለሁ። መጀመሪያ የሱቁ ቁልፍ እሳቸው ጋ ሆነ። ቀጥሎ ሠራተኛ የሚቀጥሩት እሳቸው ሆኑ። ቀጥሎ የመስኮቱ ጥግ ላይ ስማቸው ተጻፈ። ሚስተር ሮይ ታሞ ሲተኛ ሱቁን ለማን ሸጠው? ለማን ይሸጠዋል! ሌሎቻችን እኮ በሩን አላትመን ሄደናል።

እኔን የሚያበግነኝ ታዲያ የአሾት ታሪክ ነበር። አሾት የአርመኖች ንጉሥ ነው፤ የዛሬ ሺህ ዓመት ምናምን የነበረ። ኡስታ በምሳ ሰዓት፣ ስኳሩን በጥርሳቸው ነክሰው ሻይ እየጠጡ፣ የጎረቤታቸውን ወሬ እንደሚያወራ ሰው ያወሩታል።

«አገሩን አረቦች ይዘውታል» ይላሉ። «ከሊፋው፣ የሙስሊሞቹ የበላይ፣ ገዢ ይልካል፣ ገዢው ግብር ይሰበስባል። ግብሩ ሲከብድ ታላላቆቹ ቤቶች ሰይፍ መዘው ተነሡ። ጀግኖች ነበሩ። አለቁ። ርስታቸው ባዶ ቀረ። ባግራቱኒ ከሚባለው ቤትም የሞተ አለ፤ የተረፈው ግን ተራራ ሄዶ ተሸሸገ፣ የብር ማዕድን ያዘ፣ በዚያ ብር የጠፉትን ቤቶች መሬት ገዛ። ብር! የኛ ዕቃ!» ጠረጴዛውን መታ መታ ያደርጋሉ።

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያ የአሾትን አባት ይዘው ወደ ከሊፋው ከተማ ወሰዱት። ሃይማኖትህን ተው አሉት፣ እምቢ አለ፣ እስር ላይ ሞተ። ልጁ አሾት ምን ያደረገ ይመስልሃል?»

«ጦር አነሣ።»

«ሹመት ተቀበለ።»

የያዝኩት ሞረድ ከእጄ ወደቀ። «ከማን? ከአባቱ ገዳዮች?»

«ከእነሱ። የመኳንንት አለቃ አሉት። ግብራቸውን ሰበሰበላቸው። እርስ በርስ የሚባሉትን የአርመን ቤቶች አስታረቀ፣ ሴት ልጆቹን ዳረላቸው። ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን መኳንንቱ በሙሉ ሆነው ይሄ ሰው ይንገሥልን ብለው ከሊፋውን ለመኑ። ከሊፋው ዘውድ ላከ። ይሄን ያየ የቁስጥንጥንያው ክርስቲያን ንጉሥም እኔስ ማን ነኝ ብሎ ሌላ ዘውድ ላከ።»

«የማንን መለሰ?»

«ለምን ይመልሳል? ሁለቱንም ተቀበለ። ከሁለቱም ጋር አልተጣላም። አገር የሌለው ሕዝብ አገር አገኘ።»

«አባቱን ገድለውበት!» ብዬ እጮኻለሁ።

«አባቱን ገድለውበት» ይላሉ፣ ሻያቸውን አስቀምጠው ወደ ሻዩ ምድጃ እያመለከቱ። «በል አሁን እሳቱን ዝቅ አድርገው።»

በዓመት ስንቴ እንደተጨቃጨቅንበት እግዜር ይወቅ። ቃሉ አይለወጥም፤ እኔ እጮኻለሁ፣ እሳቸው እሳቱን ዝቅ ያስደርጉኛል። ይሄ ተቀባይ ሁሉ ንጉሥ ከሆነማ፣ እላለሁ፣ ዕቁብ ሰብሳቢም ይንገሥ! ይስቃሉ። መሳቃቸው ይብስ ያናድደኛል።

የኡስታ አንድ ልጅ አኑሽ የቫን ናይሱ ትምህርት ቤት ውስጥ የታሪክ አስተማሪ ናት። ትምህርት ቤቱ ለምሥረታ በዓሉ የአሾትን ዘውድ አሠርቶ ማኖር ሲፈልግ፣ ሥራውን ለአባቷ አመጣችው። ኡስታ ያን ጊዜ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። «ይሄ የመጨረሻዬ ነው» አሉኝ። «ቀለበቶቼ በማያውቁኝ ሰዎች ጣት ላይ ናቸው። ይሄን ሰው ያየዋል።» ከብር ይሠራና ወርቅ ይቀባል፤ የሚሠሩትም ከሊፋው የላከውን፣ የመጀመሪያውን ነው። ዙሪያውን ጤፍ የሚያካክሉ የብር ፍሬዎች እንተክላለን ተባባልን። ቁርጥራጭ ብር ከሰል ላይ አድርገህ ስታቀልጠው ራሱ ይድቦለቦላል። ያንን አንድ በአንድ በብሩሽ ጫፍ አንሥቶ መደርደር ነው። በሚንቀጠቀጥ እጅ አንዱን ሲደረድሩ ሁለቱን ይገፋሉ። እኔ ልሥራው ስላቸው «ገና ነው» ይሉኛል።

አብዛኛው ካለቀ በኋላ ልባቸውን አሟቸው ሆስፒታል ገቡ። አልጋ ላይ ሆነው «ጫፉን አንተ ጨርሰው» አሉኝ። እስቲ ፍረዱኝ። የዘውድ ጫፍ ጨርስ የተባለ ኢትዮጵያዊ ምን ያደርጋል? ካህኑ የሚደፋው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ላይ ያለው፣ ሥዕሉ ላይ ያየሁት ሁሉ ጫፉ መስቀል ነው። እሳቸው የነደፉት ላይ ልሙጥ ድቡልቡል ብቻ ነው ያለው፤ እኔ ደግሞ ታመው ሳይጨርሱት የቀሩ መሰለኝ። ዝርዝር ሥራ ያለው፣ ቆንጆ የላሊበላ መስቀል ሠራሁ። በመጀመሪያ እሱን በጠንካራው መበየጃ በየድኩት፤ ከፍተኛ እሳት ካልነካው የማይላቀቀውን ማለቴ ነው። መስቀል እንዲነቀል ማን ይሠራል? ከዚያ በእግሩ ዙሪያና ወደ ታች የቀሩትን ፍሬዎች በለስላሳው፣ በትንሽ እሳት በሚቀልጠው ተከልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ኡስታ ከሆስፒታል ሲወጡ በጨርቅ ሸፍኜ ጠበቅኋቸው።

ጨርቁን አነሡ። ዝም አሉ። እሳት ሳይለኮስ ዝም አሉ።

«ሰይፉ፣ ይሄን ዘውድ ማን ነው የላከው?»

«ከሊፋው።»

«ከሊፋ መስቀል ይልካል?»

ያን ሁሉ ዓመት ስጮኽበት የኖርኩት ታሪክ፣ አንድ ቀን እንኳ በዓይኔ አላየሁትም ማለት ነው።

መነሣት አለበት አሉ። የሚነሣበት መንገድ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ማንም ወርቅ ሠሪ በቀጭን መጋዝ ከሥሩ ቆርጦ በሞረድ ያስተካክለዋል፤ ፍሬዎቹን አይነካም። መጋዙን አንሥተው ሰጡኝ።

«መስቀል በመጋዝ? እኔ አልቆርጥም። እርስዎ ይቁረጡት።»

ተቀበሉኝ። የመጋዙን ጥርስ መስቀሉ እግር ላይ አሳረፉ፣ ቆዩ፣ መልሰው አነሡት። አርመኖቹም እኮ እንደኛው ናቸው፤ ሃይማኖታችን አንድ ነው። መጋዙ መሐላችን ተጋድሟል፣ እሱን እያየን ሁለት ሥራ አዋቂ ሰዎች ቆመናል። በኋላ «እሳት ይፍታው» አሉ። እኔም «እሳት ይሻላል» አልኩ። ኧረ በስመ አብ! ጠንካራው ሳይላቀቅ ለስላሳው እንደሚቀልጥ የማናውቅ ይመስል። ሁለታችንም እናውቃለን። ሁለታችንም ቶሎ ካደረግነው ያልፋል አልን።

መጋረጃውን ሳቡ፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። መስቀሉ እግር ላይ እሳቱን አነጣጠርኩ። «ገና ነው።» ብሩ ጽጌረዳ መሰለ። «ገና ነው።» ፍሬዎቹ ማብረቅረቅ ጀመሩ፣ ከዚያ አንዱ ተንሸራተተ፣ ሌላው ተከተለው፣ የአንዱ ጎን ረድፍ በሙሉ እንደ ሰም ወረደ። መስቀሉ የተላቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። እጃቸው ከትከሻዬ እንደሚነሣ ያን ጊዜ ብቻ ቀድሜ አወቅሁ።

እንደገና ልንተክል ሞከርን፤ ብሩ ሳስቷል፣ ሌላ እሳት ቢነካው ይበሳል። ኡስታ መስቀሉ የተነሣበትን ቀዳዳ በወፍራም የብር ክዳን፣ ያለ እሳት፣ ጠርዙን አጥፈው ደፈኑት፣ ወርቅ አስቀቡት፣ የተበላሸውን ጎን ወደ ግድግዳው አዞሩት። «ዘውድም ጀርባ አለው» አሉ። ይኸው ነው። አልተቆጡም! ቢሰድቡኝ ምን ነበረበት? የዘውዱ ምርቃት ላይ ተናድጄ ቀረሁ። በማግሥቱ «መጣህ?» አሉኝ፣ ሻይ ቀዱልኝና ያን መስቀል ኮት ኪሴ ውስጥ ከተቱት። «ይሄ ያንተ ነው።» ቤት ወስጄ የጽጌ መርፌና ክር ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ ጣልኩት።

ኡስታ ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። ሱቁ ተዘጋ። እኔ ዓይኔ እስኪደክም በሰው ሱቅ ሠራሁ።

አኑሽ የደወለችልኝ እንግዲህ አሁን ነው። «አጎቴ ሰይፉ» ትለኛለች። አዲስ አዳራሽ ሊመረቅ ነው፤ አዲሱ ዳይሬክተር ወላጆች እየጠየቁት ተቸግሯል፤ የክርስቲያን ትምህርት ቤት፣ የክርስቲያን ንጉሥ፣ ዘውዱ ላይ መስቀል የለም፣ ለምን? ተሠርቶ ያለቀ፣ ትልቅ መስቀል ያለው የመድረክ ዘውድ አግኝቷል። የአባቷ ዘውድ መስቀል ካልተደረገበት ዕቃ ቤት ሊገባ ነው። «አባዬ ለሰው የሚታይ ሌላ ሥራ የለውም» አለችኝ።

መኪናዬን አስነሥቼ ቫን ናይስ ሄድኩ። መንገድ ላይ ያልሰደብኩት መኪና የለም። ዳይሬክተሩ ወጣት ነው፣ ጨዋ፤ ወንበር ሳበልኝ። «ከሊፋ መስቀል አይልክም!» አልኩት ገና ሳልቀመጥ። «ልክ ነዎት» አለ። «ታሪኩን አውቀዋለሁ። ወላጆቹ ግን መስታወቱ ፊት ቆመው ታሪክ አይሰሙም፤ መስቀል አላየንም ነው የሚሉት። እኔ ደግሞ ከሁሉም ጋር ተጣልቼ ትምህርት ቤት ማቆም አልችልም።»

ልክ ነዎት ከሚለኝ ሰው ጋር እንዴት ልጣላ? ይብስ በገንኩ። ተነሣሁ። እጄ የበሩ እጀታ ላይ ነው፣ ላላትመው። ወደ ኮሪደሩ ሳይ አኑሽ የዘውዱ መስታወት ሳጥን ፊት ቆማ፣ አቧራውን በእጅጌዋ ትጠርጋለች። ከወጣሁ ዘውዱ ዕቃ ቤት ይገባል፤ እኔም በሩን ያላተመ ሰው እሆናለሁ። ስንተኛዬ ነው? ስወጣ ያተረፍኩት ምንድን ነው? ኡስታ ያን ቀለበት ከወለል ሲያነሡ ጎንበስ ያለ ጀርባቸው ታየኝ።

ዞርኩ። «ለአሾት ስንት ዘውድ ነው የተላከለት?» አልኩት።

«ሁለት።»

«ሁለተኛውን ማን ላከ?»

«የቁስጥንጥንያው ንጉሥ።»

«እሱ መስቀል ይልካል?»

ትንሽ አሰበና ፈገግ አለ። «እሱማ ይልካል።»

«እንግዲያው ዘውዱን ስጠኝና ቤት ልውሰደው።»

እሳት የሚባል ነገር አላስነካውም ብዬ ማልኩ። ጋራዥ ውስጥ ጽጌን ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ጉልበቷ ላይ ፎጣ አንጥፌ ዘውዱን አሳቀፍኳት። «ጡረታ ወጥተህ የለም እንዴ?» አለች። ቀጥላ «በል ቶሎ በል፣ ንግሥት ሽሮዋ እያረረ ነው።» ኡስታ የደፈኑትን ክዳን መሐሉን በእጅ መሰርሰሪያ ቀስ ብዬ ከፈትኩት፤ ወፍራም ስላደረጉት፣ እንደ ቡሎን መግቢያ ጠመዝማዛ ጥርስ ስቆርጥበት ያዘልኝ። ከመርፌ ቆርቆሮዋ ያን አሮጌ መስቀል አወጣሁና እግሩ ላይ ያንኑ ጥርስ አወጣሁለት። አሁን የኔም እጅ ይንቀጠቀጣል። ለካ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

አዳራሹ ሲመረቅ ሄድኩ፤ በዚህኛው አልቀረሁም። መስቀሉ ከላይ ያበራል። ወላጆች ፎቶ ይነሣሉ፣ ዳይሬክተሩ ጨበጠኝ። ሰው ሲበተን አኑሽን ጠራኋት። መስታወቱን ከፈተች። «መስቀሉን በሁለት ጣት ያዢውና ወደ ግራ አዙሪው» አልኳት። አዞረችው። መስቀሉ እጇ ላይ ቀረ፣ ዘውዱ አባቷ እንደሠሩት ልሙጥ ሆነ።

«ተማሪዎቼን ይዤ ስመጣስ?» አለች።

«ከሊፋው የላከው ነው።»

«ወላጆች ሲመጡስ?»

«የቁስጥንጥንያው ንጉሥ የላከው።»

ሳቀች፣ ከዚያ እያለቀሰች አቀፈችኝ። «አባዬን ሆንክ እኮ!» አለችኝ። እኔን! በር እያላተምኩ የኖርኩትን ሰውዬ! ወጣሁ። በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁት።

ወደ ቤት ስመለስ ፍሪዌው በመኪና ተቆላልፏል። ከኋላዬ አንዱ ክላክስ ይነፋብኛል። የት እንድሄድለት ነው? ያ የድሮው ንዴት ተመለሰ፤ በባለ ክላክሱ አልነበረም። «ኡስታ!» ብዬ መኪናው ውስጥ ብቻዬን ጮኽኩ። «አባቱን ገድለውበት!»

መልስ የሚሰጠኝ ሰው ስለሌለ ራሴው መለስኩት።

«አባቱን ገድለውበት» አልኩ። «በል አሁን እሳቱን ዝቅ አድርገው።»

መኪኖቹ እስኪንቀሳቀሱ እንባዬን በእጅጌዬ እየጠረግሁ ጠበቅሁ።